አዳማ ላይ በሞኬት የተሸፈነ ካርቶን «ፋይበር» ተብሎ እየተሸጠ ነው

የአዳማ ልጆች፣ መኪናችሁ ላይ የሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ሳጥን ልታሠሩ ካሰባችሁ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትሰጡ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ሳጥን ሠሪዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። በር ላይ አንድ ያማረ መኪና ያቆማሉ። ኋላውን ከፍተው ሙዚቃ ይለቃሉ። ስልካቸው ላይ «የሠራናቸው» እያሉ ፎቶ ያሳያሉ። «ብራዘር፣ የመኪናህን ጎን ቅርጽ ይዞ ይሠራልሃል፣ ቦታ አይሻማህም።» ግማሽ ቀብድ። ከዚያ «ነገ ደውል»።

እኔ የከፈልኩት ለፋይበር ግላስ ነው። ሥራው ይታወቃል። የመኪናው ጎን በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ፋይበሩ፣ ማለትም የመስታወት ክር ጨርቁ፣ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ እየራሰ ይደራረባል፣ ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ይነሳል። ለስፒከሩ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ቀለበት ይቆማል፣ ጨርቅ ይወጠርበታል፣ ጨርቁም ሬዚን ይጠጣል። ከውስጥ እንደገና ፋይበር ይደረባል። ውፍረቱ 6 ወይም 7 ሚሊ ሲደርስ እንደ ድንጋይ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለውበት ብቻ አይደለም። ባለ 12 ኢንች ቤዝ ሲመታ ውስጥ ያለው አየር ግድግዳውን ይገፋል። ግድግዳው ከተነቃነቀ ወይም አየር ካሾለከ ድምፁ ይበላሻል። ከቺፑድ ሳጥን እጥፍ ያስከፈሉኝም ለዚሁ ነው።

ሲያስረክቡኝ ሞኬቱ ተለብጦ አልቋል። ያምራል። ፍራንኮ ሳልደርስ መንገጫገጭ ጀመረ። ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለነበር የሞኬቱ ጠርዝ ከማስቲሹ ለቋል። መኪናዬን አዙሬ ተመለስኩና እዚያው ፊታቸው ይዤ ሳብኩት። ካርቶን! የቴሌቪዥን ካርቶን። ላይ በኩል የሚያሳየው ቀስት እንኳ አልጠፋም። ላዩ አንዴ ሬዚን ተቀብቷል፣ ፋይበር የሚባል ነገር የለም። መጋጠሚያው ሲሊኮን ነው። ከታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

ባለቤቱ ከወንበሩ አልተነሳም። ስልኩን እያየ «ይመታል አይመታም?» አለኝ።

«ካርቶን እኮ ነው!»

«ካርቶኑ ለቅርጽ ነው። ሥራው አይገባህም።»

ገንዘቤን መልስ ስለው ተነሳ። ኪሱ የሚገባ መስሎኝ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። እኔ እናገራለሁ፣ አይሰማም። አፌ ሲንቀሳቀስ እያየ ይስቃል። ሠራተኞቹም ተከትለውት ሳቁ። መንገደኛ ቆሞ ያያል። ታናሽ ወንድሜ የሚሆን ልጅ ነው! ሲዘጋው «ሳጥኑን ልትሰማበት ነው ልትበላው?» አለኝ። ከዚያ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ፤ ያንኑ ስልክ አውጥቶ ያንኑ ፎቶ ማሳየት ጀመረ።

ከሠራተኞቹ አንዱ ብቻ አልሳቀም። እስከ ውጭ ሸኝቶኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ፎቶዎቹ የእኛ ሥራ አይደሉም። ፋይበር ገዝቶልንም አያውቅ» አለኝ። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ተበላሽቶባቸው አይደለም። ከመጀመሪያው ሊሠሩት አላሰቡም።

ሞኬት ሳይለብስ ባዶውን ሳጥን ካላሳዩአችሁ ቀሪውን አትክፈሉ። በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፣ ከገባ ተዉት። አሽትቱትም፤ አዲስ ሬዚን ሽታው ቶሎ አይለቅም፣ ማስቲሽ ብቻ ከሸተታችሁ ፋይበር አይደለም። ደረሰኝም ቀብዱን ስትሰጡ ተቀበሉ። እኔን «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብለውኛል፣ አሁን ንግድ ቢሮ ይዤ የምሄደው ወረቀት የለኝም።