«በሦስት ወር ጣሊያንኛ እስከ ቢ2» ለሚሏችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ጣሊያንኛ የምር ለመማር ላሰባችሁ፣ በተለይ ደግሞ ጣሊያን አገር ለመማር ፕሮሰስ ለጀመራችሁ ነው። እኔ 18,000 ብርና አራት ወር አጥቻለሁ። ብሩ ያንገበግባል። የባሰብኝ ግን ጊዜው ነው፤ የዚያ ዓመት ምዝገባ አልፎኛል።

ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። «ከዜሮ እስከ ቢ2 በሦስት ወር። ኦሪጅናል መጻሕፍት ከነኦዲዮአቸው። ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት፣ ለኤምባሲ የሚሆን» ይላል። (ቢ2 የሚባለው ከኤ1 እስከ ሲ2 ካሉት ስድስት የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃዎች አራተኛው ነው።) በየወሩ ለሚከፍል 8,000 ብር ነው። ሦስቱን ወር አንዴ ለሚከፍል 18,000። ስድስት ሺህ ላተርፍ ብዬ አንዴ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «የላክሽበት ስክሪንሾት ይበቃል» አሉኝ። ያኔ ብሬን መጠየቅ ነበረብኝ።

መጻሕፍት የተባሉት በስልክ ካሜራ የተነሱ ፒዲኤፎች ነበሩ። ገጾቹ ተንጋደዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነበብም። መልመጃው አጠገብ የጆሮ ማዳመጫ ምልክት አለ፤ ድምፁ ግን የለም። ስጠይቅ «በቅርቡ ይለቀቃል» ይሉኛል። አልተለቀቀም። መምህር ሦስት ጊዜ ተቀየረብን። አዲስ የመጣው ሁሉ ከ«ኤሴሬ» እና «አቬሬ» ይጀምራል፤ ማለትም ከ«መሆን» እና «መኖር» («አለኝ» ለማለት)። ሁለት ወር ሙሉ እነዚህን ሁለት ግሦች ስንደጋግም ከረምን። የመጨረሻው ወር ትምህርት በቮይስ ሜሴጅ ብቻ ነበር። ሦስት ወር የተባለውም ወደ አራት ተጎተተ።

በመጨረሻ ወርቃማ ማኅተም ያለበት ሰርተፍኬት ሰጡኝ። «ቢ2» ይላል። ላመለክትበት ላሰብኩት ዩኒቨርሲቲ በኢሜይል ላክሁት። መልሱ አጭር ነበር፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት አንቀበልም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ጣሊያን ውስጥ ለትምህርትም ሆነ ለመኖሪያ ጉዳይ በሰፊው የሚታወቁት የጣሊያንኛ ፈተናዎች አራት ናቸው። ቺልስ የሚባለውን የሚያወጣው የሲዬና የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ ነው። ቼሊን የፔሩጃ የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ ያወጣል። ፕሊዳን የዳንቴ አሊጊዬሪ ማኅበር ያወጣል። አራተኛው የሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነው። እነዚህ በተቆረጠ ቀን፣ ፈቃድ ባላቸው ማዕከላት ብቻ ይሰጣሉ። ወረቀታችሁ ተርሞ ውጤት እስኪመጣ ደግሞ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ «ኮርሱን ስትጨርሱ ሰርተፍኬቱን እኛው እንሰጣችኋለን» የሚል አስጠኚ የሚሰጣችሁ ኮርሱን ለመከታተላችሁ ማስረጃ ነው። ለዚያ የሚሆን ቦታ ሊኖር ይችላል። ለዩኒቨርሲቲ ግን አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። «ጣሊያን ለመሄድ የጣሊያንኛ ሰርተፍኬት ግዴታ ነው» ብለው ያስፈራራሉ። በጣሊያንኛ የሚሰጥ ትምህርት ከሆነ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ቢ2 ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ፕሮግራም ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጣሊያንኛ አይጠየቅም። የመረጣችሁትን ፕሮግራም መስፈርት ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ አንብቡ። ከደላላ አትስሙ።

ሦስት ወሩንም እናስላው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ጣሊያንኛ ሲያስተምር 600 ያህል የክፍል ሰዓት ይመድባል። ተማሪዎቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው፣ ሥራቸውም ያው መማር ብቻ ነው። የእነሱ ግብ ከቢ2 ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ግማሹን ብቻ እንውሰድ፣ 300 ሰዓት። እኔ የከፈልኩበት ኮርስ በሳምንት አራት ሰዓት ነበር። በ12 ሳምንት 48 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ስሌት ከመክፈሌ በፊት ብሠራው ኖሮ ነገሩ ያኔ ይገባኝ ነበር።

ሰርተፍኬቱ ሳይሳካ ሲቀር ከሲዬናው ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ የቀድሞ ፈተና አውርጄ ራሴን ፈተንኩ። ነፃ ነው፣ ድምፁም አብሮት አለ። የቺልስ ቢ2 አምስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ከ20 ይታረማል፤ ለማለፍ በየክፍሉ ቢያንስ 11 ያስፈልጋል። እኔ ማዳመጡ ላይ 5 አገኘሁ። አለቀስኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የት እንዳለሁ አወቅኩ። ማንም ብር ሳይጠይቃችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ አንድ ቀን ነው የሚፈጀው።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል በነፃ የተገኘ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ በቃላት ብዛት ይደነግጣል። ቱሊዮ ዴ ማውሮ የተባሉ የቋንቋ ሊቅ ነበሩ፤ የጣሊያን የትምህርት ሚኒስትርም ሆነዋል። እሳቸው በ2016 ያወጡት የመሠረታዊ ቃላት ዝርዝር 7,000 ያህል ቃል አለው። ከነዚህ ውስጥ 2,000 ያህሉ የዕለት ተዕለት ንግግርና ጽሑፍን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ። ዝርዝሩ በነፃ ይወርዳል። በቀን አሥር ቃል ብትይዙ 2,000ውን በሰባት ወር ትጨርሳላችሁ። እኔ አንኪ የሚባለውን የካርድ መተግበሪያ ነው የምጠቀመው፤ አንድሮይድ ላይ አይከፈልበትም። ለመዝገበ ቃላት ትሬካኒ አለ፣ እሱም ኢንተርኔት ላይ ነፃ ነው። ለጆሮ የራይን፣ ማለትም የጣሊያን ብሔራዊ ብሮድካስተርን፣ ሬዲዮ እሰማለሁ። በሦስተኛው የራይ ጣቢያ «አድ አልታ ቮቼ» የሚባል ዝግጅት አለ። ልብ ወለድ በጥሩ አንባቢ ተነቦ ይቀርባል። መጀመሪያ ምንም አይገባም። አንዱን ክፍል አምስት ጊዜ ስትሰሙት ግን ቃላቱ አንድ በአንድ እየተለዩ ይመጣሉ።

እነዚያ ፒዲኤፎች ሌላም በደል ነበረባቸው። የተጻፉት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። እኛ በአማርኛ ያደግን ሰዎች ሳናውቀው የያዝነውን ስንቅ አይነግሩንም። ጣሊያንኛ ማጥበቅና ማላላት አለው። «ሶኖ» ላልቶ «ነኝ» ነው፣ ጠብቆ «እንቅልፍ» ይሆናል። «ፔና» ላልቶ ሐዘን ወይም ቅጣት ነው፣ ጠብቆ እስክሪብቶ። «ኖኖ» ላልቶ «ዘጠነኛ»፣ ጠብቆ «አያት»። እንግሊዞች በዚህ ሲቸገሩ ይኖራሉ። እኛ «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» የሚለውን ሳንሳሳት የምንለይ ሰዎች ነን። እንዲያውም ጣሊያንኛ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ስለሚጽፈው ንባቡ ከአማርኛ ይቀላል። ግሡም እንደኛ ባለቤቱን በውስጡ ይይዛል። «ማንጆ» ማለት «እበላለሁ» ነው፤ «እኔ» ማለት አያስፈልግም። ለአክብሮት «ሌይ» ብለው በሦስተኛ መደብ ሲያናግሯችሁም ግር አይላችሁም፣ «እርስዎ» እና «አንቱ» እያልን ነው ያደግነው። መርካቶ፣ ፎርኖ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቪቴ የሚሉትንማ ሳንማር እናውቃቸዋለን።

ብር ማውጣት ያለባችሁ ብቻችሁን በማትችሉት ነገር ላይ ነው፤ መናገርና መጻፍ ላይ። ስህተታችሁን የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላላችሁ መጀመሪያ የጣሊያን የባህል ተቋምን ጠይቁ፣ ኮርስ ይሰጣል። የግል አስጠኚ ከያዛችሁም በየሰዓቱ ወይም በየወሩ ክፈሉ እንጂ አንዴ አትክፈሉ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሳትሞክሩ አትዋዋሉ። የጻፋችሁትን አርሞ የማይመልስ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ጣሊያን ውስጥ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል። ለረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ ኤ2፣ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለዜግነት ቢ1 ይጠየቃል። ይህን አይተው «ፈተና ሳትገቡ ወረቀቱን እናወጣላችኋለን» የሚሉ ደላሎች አሉ። በሐሰተኛ ወረቀት የተገኘ ፈቃድ ሊሰረዝ ይችላል፤ ነገሩ በወንጀልም ያስጠይቃል። በየከተማው ቺፒያ የሚባሉ የመንግሥት የጎልማሶች ትምህርት ማዕከላት አሉ። ጣሊያንኛ በነፃ ወይም በጣም በትንሽ ክፍያ ያስተምራሉ። እነሱ የሚሰጡት የኤ2 ማስረጃ ለመኖሪያ ፈቃዱ ያገለግላል።

እንደኔ ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ዛሬውኑ አስቀምጡ፤ ቻናሉን ነገ ሊያጠፉት ይችላሉ። የላካችሁበትን የባንክ ማስረጃም ያዙ። ብራችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ እምቢ ካለ ወደ ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ አቤት ማለት ትችላላችሁ። እኔ ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። የምጠብቀው መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።