ደሴ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለምትፈልጉ

ከሐዋሳ ወደ ደሴ መጥተን ቤት በያዝንበት ሰሞን የደረሰልንን አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ላመሰግነው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። ፈቃዱን ስጠይቀው «የሚፈልገኝ ሰው በአንቺ በኩል ይምጣ» ስላለኝ ነው።

ባለቤቴ ሥራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ማታ ይመለሳል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያገኙት ደሴ ስለሆነ ግን ቤት የተከራየነው እዚሁ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ ነው። ሐዋሳ ለኖረ ሰው ብርዱ ይከብዳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። የእማዬ ሊጥ እንኳ ኩፍ ለማለት ዘገየ። ሰዉ ግን ሞቅ ያለ ነው። ዕቃ ስናወርድ ሳንጠራው መጥቶ ፍራሽ የተሸከመልን ጎረቤት አለ፣ እሱንም እግዜር ይስጠው።

ያስጨነቀን ምጣዱ ነበር። እማዬ ከእኛ ጋር ናት፣ እንጀራ ከሱቅ ሲገዛ ደስ አይላትም። ምጣዱን ስትሰካው ብሬከሩ ይወርዳል፣ ቤቱ ይጨልማል። መልሰን እናነሳዋለን፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይወርዳል። ሰው ጠራን። መጣ፣ ብሬከሩን ነቅሎ ትልቅ አስገባ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እውነትም ከዚያ በኋላ አልወረደም። በምትኩ ከግድግዳው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተን ጀመር።

ይህን ጎረቤታችን ቡና ጠርታን፣ በረካው ላይ ነገርናት። ስኒውን አስቀምጣ እዚያው ለዚህ ለማመሰግነው ሠራተኛ ደወለችለት።

ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። እማዬን «እማማ፣ አብሽሩ፣ እንጀራዎን ይጋግራሉ» አላት። ከዚያ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋና ሶኬቱን ፈታ። ጀርባው ጠቁሯል። የሽቦው ልባስ በጣቱ ሲነካው እየተሰባበረ መሬት ላይ ረገፈ። አጠገቡ አስቁሞ አሳየኝ።

«ብሬከሩ ጠላታችሁ አልነበረም» አለኝ። «ይወርድ የነበረው ሽቦው እንዳይነድ ነው።» ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ምጣዳችን 3,500 ዋት ይላል። ያ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ግድግዳው ውስጥ የነበረው ሽቦ ደግሞ ለአምፖል የሚዘረጋው ቀጭኑ፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። አዲስ የገባው ብሬከር ባለ 32 አምፔር ነበር። ስለዚህ ሽቦው ግሎ ልባሱ ሲቀልጥ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም። ልጆቼ የሚተኙት ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው። ያን ማታ ምጣዱ አልተሰካም፣ እኔም በደንብ አልተኛሁም።

መፍትሔው ለምጣዱ ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር መዘርጋት ነበር። ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ጠንካራ ሶኬት። የሚገዛውን በወረቀት ጻፈልን፣ የእጁንም ዋጋ ከታች ጻፈ። «ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቃችሁ ግዙ፣ እኔ አብሬያችሁ አልሄድም» አለ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አገሩን የማያውቅ ሰው ዋጋም አያውቅም፣ እሱ ግን በዚያ አልተጠቀመም። መስመሩ ከቤቱ ጋር የሚቀር ስለሆነም ለአከራያችን ራሱ ደውሎ የተቃጠለውን ነገራቸው። እሳቸውም መጥተው በዓይናቸው አዩና የዕቃውን ወጪ ከኪራዩ እንድንቀንስ ፈቀዱ። እኛ ብንጠይቃቸው ኖሮ በአዲስ ተከራይ አፍ ከባድ ነበር።

ሌላም ነገር አገኘ። የመሬት ሽቦው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው፣ ሳጥኑ ውስጥ ተቆርጦ የትም ሳይገናኝ ተንጠልጥሏል። እማዬ ሊጥ በነካው እጇ የምጣዱን ብረት ስትነካ አንዳንዴ «ነዘረኝ» ትል ነበር። ጓሮ ወርዶ ሽቦውን የሚያገናኝበትን የመዳብ ዘንግ የሚቀብርበት ቦታ ሲፈልግ የልብስ ውሃ የሚደፋበትን ጥግ መረጠ። እርጥብ አፈር ኤሌክትሪኩን ቶሎ ይቀበላል አለ። ዘንጉን በመዶሻ እስኪሰወር መታው። ከእሱ ጋር የተነጋገርነው ሥራ ላይ ይህ አልነበረም፣ ለእጁም ጭማሪ አልጠየቀም።

ሲጨርስ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ ብላችሁ እንዳታስቡ። «እማማ ይጋግሩና ነው የምሄደው» ብሎ ቁጭ አለ። እማዬ ማሟሻውን አወጣች፣ ቀጠለች። እሱ በየመሃሉ እየተነሳ የእጁን ጀርባ ሶኬቱ ላይ ያሳርፋል፣ ሽቦውን እየተከተለ እስከ ሳጥኑ ይዳስሳል። ሊጡ አልቆ ምጣዱ እስኪነቀል ሶኬቱ አልሞቀም። ትኩሱን በአዋዜ በልቶ፣ ትራፊውን ሽቦ ጠቅልሎ ለባለቤቴ አስረክቦ ሄደ። በማግስቱም ደውሎ ጠየቀን።

እንግዲህ ደሴ ለምትኖሩ፣ በተለይ አሁን ቤት እየቀየራችሁ ላላችሁ፣ ይህን ሰው ጥሩት። ኮምቦልቻም ሥራ ካለ ይወርዳል። ሥራ ላይ እያለ ስልክ አያነሳም፣ ማታ ግን መልሶ ይደውላል። ሰው ስለሚፈልገው ቀን መጠበቅም አለ፣ ዛሬውኑ ይምጣ ብላችሁ አትቁጠሩ። ስትደውሉለት የምጣዳችሁንና የውሃ ማሞቂያችሁን ዋት አንብባችሁ ጠብቁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ቤት ገና ልትከራዩ ከሆነ ደግሞ እሱ የነገረኝን ልንገራችሁ። አከራዩን «ምጣድ የራሱ መስመር አለው?» በሉ፣ የብሬከር ሳጥኑንም አስከፍታችሁ እዩ። የተቃጠለ የሚሸት ሶኬት ካለ ደግሞ ብሬከር አታስቀይሩ፣ የተሰካውን ዕቃ ነቅላችሁ ጥሩት።

ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ።