ትራይተኔ ከ14 ወራት በኋላ፦ በእጅ የተሠራ ሞተር ሳይክል በመንገድ ላይ ሲፈተን

ይህን ሞተር ሳይክል ከተረከብኩ 14 ወር ሞላኝ፤ በእነዚህ ወራትም 3,400 ማይል ነድቼዋለሁ። የምኖረው ለንደን ነው፤ የሠሩልኝም እዚሁ እንግሊዝ አገር ባለች አነስተኛ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። የከፈልኩት 19,000 ፓውንድ ነው። በዚህ ገንዘብ ዋስትና ያለው አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ትርፍ መያዝ ስለሚቻል፣ እንደ እኔ ልቡ የተነሣሣ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ደጉንም ክፉውንም እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ትራይተን የሚለው ስም ከሁለቱ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች፣ ከትራያምፍና ከኖርተን፣ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፤ ሻንሲው የኖርተን፣ ሞተሩ የትራያምፍ ነው። ሻንሲው የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈው “ፌዘርቤድ” ሲሆን፣ ለውድድር በቀረበበት በ1950 እ.ኤ.አ. ጄፍ ዱክ በማን ደሴት የሲኒየር ቲቲ ውድድርን አሸንፎበታል። ስሙ የላባ ፍራሽ ማለት ነው፤ የወጣለትም ነጂው ሃሮልድ ዳንኤል ምቾቱን ከላባ ፍራሽ ጋር በማመሳሰሉ ነው። በዚያ ዘመን ትንንሽ የውድድር መኪና የሚሠሩ ሰዎች የኖርተንን የውድድር ሞተር ሳይክል፣ የማንክስን፣ ሞተር አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ፋብሪካው ሞተሩን ለብቻው ስለማይሸጥላቸው ሙሉውን ሞተር ሳይክል ይገዙና ሞተሩን ነቅለው ሻንሲውን ይጥሉታል። እነዚያን ባዶ ሻንሲዎች ያገኙ ወጣቶች በጊዜው ፈጣንና በቀላሉ የሚገኘውን የትራያምፍ ሞተር ይገጥሙባቸው ጀመር። የእኔው ሞተር ቦነቪል ከተባለው የ1959 እ.ኤ.አ. ትራያምፍ የመጣ ነው፤ 649 ሲሲ ሲሆን ከፋብሪካ ሲወጣ 46 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ያወጧቸውን አካላት የሚያጋጥሙት ከወፍራም አልሙኒየም ተቆርጠው የተሞረዱ ሳህኖች ናቸው። ከተረከብኩት በኋላ በመጣው የመጀመሪያ እሑድ የሞተር ሳይክል ነጂዎች ወደሚሰበሰቡበት ወደ ኤስ ካፌ ይዤው ሄድኩ፤ ካፌው በ1938 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ በ1969 ተዘግቶ፣ በ2001 እንደገና የተከፈተ ነው። ብዙዎቹ ሰዎች የሚያብረቀርቀውን ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ፎቶ ሲያነሡ፣ አንድ ሽማግሌ ግን መነጽራቸውን አውጥተው በርከክ አሉና የሳህኑን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ምንም ስለት የለውም፤ ማንም በማያየው በሰንሰለቱ በኩል እንኳ ጠርዙ እንደ ማንኪያ ለስልሷል። “ይህን የሠራ ሰው ሥራውን ያውቃል” አሉኝ። እኔም ከ14 ወር በኋላ በዚህ ረገድ የምቀንሰው ቃል የለኝም። ከሳህኖቹ አንድ ቡሎን አልላላም፤ ሻንሲውም በኩርባ ላይ ሳይዋልል መስመሩን ይዞ ይሄዳል።

ጠዋት ማስነሣቱ የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ኪኩን ሁለት ሦስት ጊዜ በእርጋታ እረግጣለሁ፤ ሌሊቱን በዘይት የተጣበቁት ዲስኮች የሚላቀቁት በዚህ መንገድ ነው። ቀጥሎ ቤንዚኑን ከፍቼ፣ በሁለቱ የአማል ካርቡሬተሮች ጎን ያለችውን ትንሽ መጫኛ ቤንዚኑ ጣቴን እስኪያርሰው ድረስ ተጭኜ እቆያለሁ። ከዚያ በሙሉ ክብደቴ አንድ ጊዜ መርገጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ይነሣል። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ በመሆኑ እግሬ እስኪለምደው ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቶብኛል። ሁለቱ ፒስተኖች እኩል ወጥተው እኩል ስለሚወርዱ ከ60 ማይል ፍጥነት በላይ ንዝረቱ መዳፍን ያደነዝዛል። ይህ የሠሪዎቹ ጥፋት ሳይሆን የሞተሩ ባሕርይ ነው፤ ነገር ግን ቀጥሎ ለምነግራችሁ ችግር ሁሉ መነሻው እሱ ነው።

በአምስተኛው ወር የቤንዚን ሽታ ይረብሸኝ ጀመር። ሰልባትዮው ከአልሙኒየም ላሜራ በእጅ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ ገልብጠው ሲያዩት የመዶሻው ምልክት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሮ ይታያል። የኋለኛው ማረፊያ ከብየዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘሁ። ሰልባትዮው ዝቅ ብሎ እንዲታይ ሲሉ ከሥሩ ያስቀመጡለት ጎማ በጣም ስስ ስለነበረ ንዝረቱ በቀጥታ ብየዳውን ይመታው ነበር። ጋራዡ ያለክፍያ በይዶ ወፍራም ጎማ ቢያደርግለትም ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። አሁን አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል፤ መልኩ አልተጎዳም።

ከዚህ የከፋው የኤሌክትሪክ ሽቦው ነው። ዓይን ምንም ሽቦ እንዳያይ ሁሉንም በመሪው ቱቦ ውስጥ አሳልፈውታል። በጥቅምት አንድ ምሽት፣ የመንገድ መብራት በሌለበት የገጠር ጎዳና ላይ የፊት መብራቱ ድንገት ጠፋብኝ። መሪውን ፈትቼ ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ወስዶብኛል፤ ሽቦው ከቱቦው በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ጎማ አልተደረገለትም፣ ያልተሞረደው ጠርዝም ልባሱን በልቶታል። የማይታየውን የሞተር ሳህን ጠርዝ ያን ያህል ያለሰለሰ እጅ እዚህ ቀዳዳ ላይ ሞረድ አለማንሣቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሰው ሕይወቱን አስይዞ የሚቀመጥበት ዕቃ ላይ መልክን ለማሳመር ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር መታለፍ የለበትም።

ሌላው ሁሉ ከጥንቃቄ የሚቆጠር ነው። ለሳምንታት ከቆመ ዘይቱ በፓምፑ አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ ስለሚወርድ ከማስነሣቴ በፊት አጣርቼ እመልሰዋለሁ። በዚህ አገር ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን 10 በመቶ ድረስ ኤታኖል ስላለበትና ኤታኖል ውኃ ስለሚስብ፣ አሮጌ የጎማ ክፍሎችንም ስለሚጎዳ፣ እስከ 5 በመቶ ብቻ ያለበትን ውዱን እቀዳለሁ። በብርዱ ወራት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው አልሙኒየሙን በአንድ ቀን ነጭ ያደርገዋል፤ ማጠቢያ ውኃና ጨርቅ ሳላነሣ የማልፈው የክረምት ጉዞ የለም።

ሞተር ሳይክል የሥነ ጥበብ ሥራ ነው ቢባል አልከራከርም፤ የኒውዮርኩ ጉግንሃይም ሙዚየም በ1998 እ.ኤ.አ. በአዳራሹ አሳይቶታል፤ የሎስ አንጀለሱ ኢያን ባሪም በፋልከን ስም ከጥንቶቹ የእንግሊዝ የቪንሰንትና የቬሎሴት ሞተሮች ተነሥቶ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ቅርጻ ቅርጽ የሚቆጥሩ ማሽኖችን ሠርቷል። ነገር ግን በእኔ ሚዛን የዚህ ጥበብ ሚስጥሩ ሥራ የሚሠራው ክፍል ራሱ ማማሩ ነው። ሻንሲው፣ ሳህኖቹ፣ ረጅሞቹ ማርሚታዎች የሚያምሩት ሥራቸውን ስለሚሠሩ ነው፤ ለመደበቅ ብቻ የተደበቀው ሽቦ ግን በጨለማ ውስጥ ጣለኝ።

የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መሪውን አስፈትቶ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ይፈትሽ፤ ሰልባትዮውንም አስነሥቶ ከሥሩ ያለውን ጎማ ይመልከት። እኔ አልሸጠውም። በመጪው ጥር ሽቦው በሙሉ ወጥቶ በሻንሲው ጎን በቆዳ ማሰሪያ ተይዞ እንዲያልፍ፣ ጭቃው ጀርባዬን እንዳይመታኝም የኋላ ፓራፋንጎው እንዲረዝም አዝዣለሁ፤ ላሜራውን ሲቀጠቅጡም ከጎናቸው ቆሜ እንድመለከት ተስማምተናል።