አብሮ መቅዳት ወይስ በየተራ?

ደሴ ላይ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ማሲንቆ ይዛችሁ ሮክን ከወሎ ቅኝት ጋር የሚያዋህድ አልበም ልትሠሩ ነው እንበል። ሁላችሁም በአንድ ክፍል አብራችሁ ትጫወታላችሁ ወይስ እያንዳንዳችሁ በየተራ ትቀዳላችሁ?

በየተራ መቅዳት ኪስ አይጎዳም። ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድ (ድምፁን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው መሣሪያ) እና አንድ ደህና ማይክ ካለ ይጀመራል። የተበላሸችው ቦታ ብቻ ትደገማለች። መብራት ቢሄድም የሚጠፋው የአንድ ሰው ልፋት ነው። (ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ግን ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው። የደሴን ዝናብ ታውቁታላችሁ።) ቢትልሶችም በ1967 እ.ኤ.አ. ሮክን ከህንድ ሙዚቃና ከኦርኬስትራ ያዋሃዱበትን አልበም የሠሩት ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረቡ ነው፤ ያውም 4 ድምፅ ብቻ ለየብቻ በሚይዝ ባለ 4 ትራክ ማሽን!

አብሮ መቅዳት ጣጣ አለው። የድራሙ ድምፅ ማሲንቆው ማይክ ውስጥ ይገባል፤ በኋላ መለየቱ ያደክማል። ግን ማሲንቆ ዘፋኙን እየተከተለና እየመለሰለት የሚሄድ መሣሪያ ነው። ከወሎ ቅኝቶች አንዱ የሆነውን አምባሰልን፣ ያለ ቋሚ ምት ተዘርግቶ ሲዜም፣ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ካሰራችሁት ነፍሱ ትወጣለች። በየተራ ለመቅዳት ሌላው ቅኝት፣ ባቲ ማይነር፣ ይሻላል፤ 5ቱ ድምፆች ሮክ ጊታሪስት ከለመደው ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ 5 ድምፅ ስኬል) ጋር አንድ ናቸው። በየተራ ቢቀዳም ጊታሪስቱ አይጠፋበትም።

እኔ ብሆን ድራም፣ ቤዝና ጊታርን አንድ ላይ እቀዳለሁ። ዘፋኙንና ማሲንቆ ተጫዋቹን በሌላ ቀን ፊት ለፊት አስቀምጣቸዋለሁ። አምባሰሉን ግን መጀመሪያ እነሱ ይቅዱት፤ ድራሙ በኋላ ይከተላቸው።