የክለብ ጨዋታ «በነፃ፣ በቀጥታ» ከሚል ሊንክ ካርዳችሁን አርቁ

አየርላንድ ውስጥ ልጆቻችሁ ሀርሊንግ፣ ካሞጊ (የሴቶች ሀርሊንግ) ወይም ጌሊክ እግር ኳስ የሚጫወቱላችሁ ወላጆች፣ ከአሜሪካም ሆነ ከአዲስ አበባ እነዚያን ልጆች ለማየት የምትጓጉ አክስቶችና አጎቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ክለባችሁ ፌስቡክ ላይ «እሁድ ጨዋታ አለን» ብሎ ሲለጥፍ ከስሩ አንድ ሊንክ ብቅ ይላል። «በቀጥታ፣ በነፃ፣ ጥርት ባለ ምስል» ይላል። ከሊንኩ ጀርባ ግን ምንም ጨዋታ የለም። ያለው የካርድ ቁጥር የሚሞላበት ፎርም ነው።

ከእኛው ሰው አንዷ በዚህ ተበልታለች። የእሷ ልጅ የክለቡ ዋና ቡድን ውስጥ ገና መግባቱ ነው። ወንድሟ ያለው ዋሽንግተን ነው፤ የእህቱ ልጅ ያችን ዱላ ይዞ ሲሮጥ ማየት ይወዳል። (ሀርሊንግ አይታችሁ ለማታውቁ፦ የእኛን የገና ጨዋታ አስቡ፤ እነሱ ግን ኳሷን አየር ላይ ሳለችም ይለጓታል።) ሊንኩን ከፈተችው፣ «ለማረጋገጫ» 1 ዩሮ ከፈለች። ጨዋታው አልመጣም። ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ሲሽከረከር ቆየ፤ ኔትወርክ ነው ብላ ተወችው። ከዚያ በየወሩ ወደ 50 ዩሮ ከአካውንቷ ይቆረጥ ጀመር። የባንክ መግለጫው ላይ የሚወጣው ስም ከስፖርት ጋር ምንም ስለማይገናኝ ቶሎ አልነቃችበትም።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ሰዎቹ የክለቡን አርማ ከራሱ ገጽ ይወስዱና ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ገጽ ይከፍታሉ። የሁለቱን ቡድኖች ስም፣ ሜዳውንና ሰዓቱን ከክለቡ ማስታወቂያ ይገለብጣሉ። ለዚህ ነው እውነት የሚመስለው፤ ዝርዝሩ እኮ እውነት ነው። ከዚያ ኮሜንት ውስጥ ይለጥፉታል፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ ታግ ያደርጋሉ። ስትነኩት ስታዲየም የሚመስል ምስል ይመጣል፤ አንዳንዴም ቪዲዮው ሊጀምር ሲል ይቆምና «በነፃ ይመዝገቡ» ይላል። ኢሜይልና ፓስወርድ ትሰጣላችሁ። ቀጥሎ ካርድ ይጠይቃል። «ገንዘብ አንወስድም፣ የት አገር እንዳሉ ለማወቅ ብቻ ነው» የሚል ጽሁፍ አብሮ አለ። ካርድ ቁጥር ሰው የት አገር እንዳለ ለማወቅ አያስፈልግም። ማንኛውም ድረ ገጽ ያንን ከኢንተርኔት መስመራችሁ ያውቀዋል።

ገጹ መጨረሻ ላይ፣ ዓይን በማይገባ ግራጫ ጽሁፍ፣ የሙከራው ጊዜ ካለቀ በኋላ የወር ክፍያ እንደሚጀምር ተጽፏል። ክፍያውም ለስፖርት አይደለም። ማንም ሰምቶት ለማያውቅ የፊልምና የሙዚቃ ክምችት ነው። የባንካችሁ አፕ «ፍቀድ» ሲላችሁ የምትፈቅዱት ያችን 1 ዩሮ ብቻ ይመስላችኋል። ያኔ ግን በየወሩ የሚመጣውንም አብራችሁ ነው የምትፈቅዱት፤ ባንኩ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ላይጠይቃችሁ ይችላል። ጥቂት ሳንቲም የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ወቅት አለው ደግሞ። ከ2022 ጀምሮ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የካውንቲዎቹ (የየአውራጃው ምርጥ ቡድኖች) የመላ አየርላንድ ፍጻሜ ጁላይ ላይ ያልቃል። የደብሊኑን ትልቅ ስታዲየም ክሮክ ፓርክን የሚሞሉት ከ82 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ወደየቤታቸው ሲመለሱ ተራው የክለቦች ይሆናል። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር በየሰፈሩ የክለብ ሻምፒዮና ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች አብዛኞቹን ትልልቆቹ ቴሌቪዥኖች አያሳዩም። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም፤ የክለቡን ገጽ የሚያስተዳድረውም በትርፍ ሰዓቱ የሚያገለግል ሰው ነው። ስለዚህ «አንዱ በጎ ፈቃደኛ በስልኩ እያስተላለፈ ይሆናል» ብሎ ማመን ሞኝነት አይደለም። አጭበርባሪዎቹም የተሻሙት ይህንኑ ክፍተት ነው።

ቶሎ የሚያነቃ አንድ ምልክት አለ። የሕጻናት ጨዋታ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ14 ዓመት በታች፣ እና «ቀጥታ ስርጭት» የሚል ካያችሁ መጀመሪያ ውሸት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። እዚያ ሜዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራ የሚያቆም የለም። ልጆችን ስለመቅረጽም ክለቦቹ ጥብቅ ደንብ አላቸው።

እውነተኛው ስርጭት የተበታተነ መሆኑ ነው ለሌቦቹ ሥራ ያቀለለላቸው። ጂኤኤ የሚባለው የጨዋታዎቹ ማኅበር ከአየርላንድ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ከአርቲኢ ጋር ሆኖ በ2014 ጂኤኤጎ የሚባል አገልግሎት ከፈተ። መጀመሪያ የታሰበው ውጭ አገር ላሉ ተመልካቾች ነበር። በ2023 ግን አየርላንድ ውስጥም አንዳንድ የሻምፒዮና ጨዋታዎች በእሱ ብቻ፣ በክፍያ መታየት ጀመሩ። ጩኸት ተነሳ፣ ነገሩ ፓርላማ ኮሚቴ ድረስ ደረሰ። እኔም ከጮኹት ወገን ነኝ፤ ያለ ደመወዝ የሚጫወት ልጅን ለማየት አረጋዊ አባቱ ካርድ እንዲያወጣ ማድረግ አይዋጥልኝም። በኋላ አርቲኢ ወጣ፣ በ2025 ማኅበሩ ብቻውን ጂኤኤ ፕላስ ብሎ ቀጠለ። ዛሬም በአሮጌው ስም «ፓስ እንሸጣለን» የሚል ካጋጠማችሁ እለፉት።

ጂኤኤ ፕላስ ራሱ ሕጋዊ ነው፤ ምን እንደምትገዙ ግን እወቁ። ዋናው ነገሩ የካውንቲ ቡድኖች ጨዋታ ነው። የሰፈራችሁ ክለብ እዚያ ውስጥ አለ ብላችሁ የዓመት ፓስ እንዳትገዙ። የክለብ ጨዋታ ሲተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ በካውንቲው ቦርድ የራሱ ገጽ፣ ክለበር በሚባለው አገልግሎት፣ ወይም በቲጂ ፎር ነው። ቲጂ ፎር በአይሪሽ ቋንቋ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነው፤ ቋንቋው ባይገባችሁም ውጤቱን ማንበብ አያቅትም፣ ደግሞ ነፃ ነው። የመላ አየርላንድ ፍጻሜዎቹንም አርቲኢ በነፃ ያሳያል። የሴቶቹን እግር ኳስና ካሞጊ የሚመሩት ሌሎች ማኅበራት ስለሆኑ፣ ሴት ልጅ ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጨዋታዋ በየትኛው በኩል እንደሚታይ ጠይቁ።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። የአርቲኢ የኢንተርኔት ማሳያ ከአየርላንድ ውጭ እነዚህን ጨዋታዎች አይከፍትም። የጂኤኤ ፕላስ የውጭ አገር ፓስና የአየርላንዱ ፓስም አንድ አይደሉም፤ የሚያሳዩት ጨዋታ እንደ አገሩ ይለያያል። ስለዚህ ደብሊን ያለችው እህት ለዋሽንግተኑ ወንድሟ ስጦታ ብላ ከዚህ ባትገዛለት ይሻላል። እሱ ራሱ እዚያ ሆኖ ይክፈተው፣ ዝርዝሩን ያንብብ፣ ከዚያ ይክፈል።

«ዶጂ ቦክስ» (ቻናሎችን ያለ ፈቃድ የሚከፍት የቴሌቪዥን ሳጥን) የሚሸጥላችሁ ወዳጅ እንዳለ አውቃለሁ። የዓለም ቻናል ሁሉ በርካሽ ይላችኋል። ሕገ ወጥ ነው። የፍጻሜው ቀን ሲጠፋባችሁም አቤት የምትሉበት የለም።

በዚሁ ዘዴ የቀብር ስርጭትም ይሸጣል። አየርላንድ ውስጥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የቀብር ሥነ ሥርዓትን በነፃ ያስተላልፋሉ። ሌቦቹ የሟቹን ፎቶ ወስደው ለሐዘንተኛ ዘመድ ያንኑ የካርድ ፎርም ያቀርባሉ። እኛም ለቀብር፣ ለተዝካር፣ ለሠርግ ሊንክ መላላክ የለመድን ሰዎች ነን። ለእናት ለአባቶቻችን ስልክ ደውለን እንንገራቸው፤ ይህንን ጽሁፍ ላያነቡት ይችላሉ።

ካርዳችሁን የሰጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ባንክ ደውሉ። ድረ ገጹ ላይ «ሰርዝ» የሚለውን ብቻ ተጭናችሁ አትተዉት፤ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ለባንኩ ሁለት ነገር ንገሩት፦ ካርዱ ይዘጋ፣ ከዚያ ድርጅት የሚመጣ ተከታታይ ክፍያም ይታገድ። የተወሰደውን ገንዘብ በቻርጅባክ (ባንኩ ከወሰደው ድርጅት በሚያስመልስበት መንገድ) እንዲጠይቁላችሁም አመልክቱ። «ራስዎ ፈቅደዋል» ሊሏችሁ ይችላሉ። ያኔ በነፃ ጨዋታ ስም እንደተታለላችሁ፣ ጨዋታውም እንዳልታየ አስረዱ፤ የሊንኩን ፎቶ ካስቀራችሁት አሳዩ። እዚያ ገጽ ላይ የሰጣችሁት ፓስወርድ ኢሜይላችሁን ወይም ፌስቡካችሁንም የሚከፍት ከሆነ ቀይሩት። ጋርዳ (የአየርላንድ ፖሊስ) ጣቢያም ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የሸማቾች ጥበቃ ኮሚሽኑ ምክር ይሰጣል እንጂ የአንድ ሰውን ገንዘብ አያስመልስም፤ እሱን ብቻ እየጠበቃችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ከዚያ በኋላ «ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ» የሚል ሰው ሊደውልላችሁ ይችላል። ስልኩን ዝጉት። እናንተ ደግሞ የክለባችሁን ገጽ ለሚያስተዳድረው ሰው የሊንኩን ፎቶ ላኩለት። ኮሜንቱን ማጥፋትና ሐሰተኛውን ገጽ ማገድ የሚችለው እሱ ነው፤ ከእሁዱ ጨዋታ በፊት ቢያደርገው ይመረጣል።