ለአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ በአንድ የግል ክሊኒክ ለሚሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ በእህቴና በራሴ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ።

እህቴ በሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ስትሠቃይ ቆይታለች፤ መድኃኒት የሚሰጣት እንጂ ምክንያቱን የሚያስረዳት አላገኘችም ነበር። እኚህ ባለሙያ ግን የመጀመሪያውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ከተመለከቱ በኋላ፣ የታዩት ህዋሳት አብዛኞቹ ከፊኛ ሳይሆን ከውጭኛው የሰውነት ክፍል የመጡ በመሆናቸው ውጤቱ እንደማያስተማምን ገልጸው፣ ታጥባና የመጀመሪያውን ሽንት አሳልፋ መካከለኛውን በድጋሚ እንድትሰጥ ጠየቋት። ወረፋው ረጅም ስለነበር ያንኑ ወረቀት ፈርመው ቢሰጡን ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

ካልቸሩ (በናሙናው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ኢ-ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ካሳየ በኋላ እህቴ ፊኛዋ ራሱን መከላከል አቅቶት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እንዳስረዱን ከሆነ፣ የፊኛን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑት ጃንጥላ ህዋሳት ዩሮፕላኪን የተባሉ ፕሮቲኖች የተነጠፉባቸው ሲሆኑ፣ ባክቴሪያው በጸጉር መሰል ዘንጎቹ ጫፍ ባለው ፊምኤች በተባለ ፕሮቲን ይህንኑ ንጣፍ ጨብጦ ወደ ህዋሱ ይገባል። ህዋሱም በበኩሉ የገባበትን ባክቴሪያ መልሶ ሊተፋው ይሞክራል፣ ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫል፣ ነጭ የደም ህዋሳትንም በኬሚካል መልእክት ይጠራል፤ ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ከነባክቴሪያው ከግድግዳው ተላቆ ከሽንት ጋር ይወጣል። ከኩላሊት የሚመነጨው ዩሮሞዱሊንም ባክቴሪያውን አስቀድሞ በመያዝ ይረዳል።

ይሁን እንጂ የላይኛው ህዋስ ሲረግፍ ከሥሩ ያሉት ገና ያልጎለመሱ ህዋሳት ይጋለጣሉ፤ ባክቴሪያውም በእነርሱ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሊመለስ እንደሚችል በአይጦች ላይ ታይቷል። በሰው ላይ ግን ከአንጀት አዲስ ባክቴሪያ መጥቶም ሕመሙ እንደሚያገረሽ ሳይሸሽጉ ነገሩን፤ እኔ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ይህን ጥንቃቄያቸውን ነው። የመድኃኒቱን ምርጫም የሐኪም ድርሻ መሆኑን ገልጸው፣ ባክቴሪያው የትኛውን መድኃኒት እንደማይቋቋም የሚያሳየውን ውጤት አያይዘው ላኳት።

አድራሻውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ካልቸር የሚታዘዝለት ሰው ናሙናውን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢሰጥ ይመረጣል፤ ውጤቱም በዕለቱ ስለማይደርስ ከዘጌ በጀልባ የምትመጡ ማደሪያ አስባችሁ ኑ።