ፖስትሆግ ሲመዘን፦ ቅሬታውና ጠቅታው በአንድ መዝገብ

«ኤክስፖርቱ አይሠራም።» ከተጠቃሚ የሚመጣ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ አይረዝምም። የትኛው ገጽ ላይ፣ በምን ብራውዘር፣ ምን ከተነካ በኋላ የሚለው የለበትም። ዳሽቦርዱ ደግሞ ቁጥር ሞልቶት ምክንያት ያጣል። ገጹን ከከፈቱት ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ ፋይል እንዳወረዱ ይናገራል፤ ለምን ሲባል ግን ዝም ነው። የሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ምን እንደሚያደርጉ የሚከታተለውን ፖስትሆግን ከሌሎች መሰል መሣሪያዎች የሚለየው ግራፉ አይደለም፤ ግራፍ የሚስል መሣሪያ ሞልቷል። ጥቅሙ ቅሬታውንና ጠቅታውን በአንድ ሰው መዝገብ ላይ ማስቀመጡ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ሁለት ነገሮች ከመነሻው በጥንቃቄ ከተያዙ ብቻ ነው፤ የኢቨንት (ተጠቃሚው ያደረገው ተብሎ የሚመዘገብ ድርጊት) ስምና የተጠቃሚ መለያ። ብዙ ቡድን የሚሰናከለውም እዚያው ላይ ነው።

ለማያውቁት፣ ፖስትሆግ እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረ ነው። አብዛኛው ኮዱ በኤምአይቲ ፈቃድ ክፍት ነው፤ «ኢኢ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው ግን የራሱ ፈቃድ አለው። የኢቨንት ትንተና፣ ሴሽን ሪፕሌይ (ተጠቃሚው ገጹ ላይ ያደረገውን መልሶ የሚያሳይ ቅጂ)፣ ፊቸር ፍላግ (አዲስ ነገርን ለተመረጡ ተጠቃሚዎች ብቻ የሚከፍት ማብሪያና ማጥፊያ)፣ ኤክስፐሪመንት (ሁለት አማራጮችን በተለያዩ ተጠቃሚዎች ላይ ማወዳደሪያ) እና ሰርቬይ (መጠይቅ) በአንድ ጥቅል ይመጣሉ። ኢቨንቶቹ የሚቀመጡት ክሊክሃውስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ ነው፤ በሚሊዮን በሚቆጠር መስመር ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ቶሎ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። ክላውዱ ላይ (ኩባንያው ራሱ በሚያስተዳድረው ሰርቨር) ሲመዘገቡ የአሜሪካን ወይም የአውሮፓን ሰርቨር ይመርጣሉ፤ የአውሮፓው ፍራንክፈርት ነው። ምርጫው በኋላ በአንድ ጠቅታ የሚቀየር ስላልሆነ የተጠቃሚ ዳታ የት መቀመጥ እንዳለበት አስቀድሞ ይወሰን።

ተከላው ቀላል ነው። ቅንጭብ ጃቫስክሪፕት ገጹ ራስ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ «ኦቶካፕቸር» የሚባለው የአዝራር ጠቅታን፣ የሊንክ ጠቅታን፣ የፎርም መላክንና የገጽ መከፈትን ማንም ኮድ ሳይጽፍ መሰብሰብ ይጀምራል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ከሁለት ሪሊዝ (አዲስ የሶፍትዌር ልቀት) በኋላ ነው። ኦቶካፕቸር የሚያውቀው አዝራሩን እንጂ የአዝራሩን ትርጉም አይደለም። ዲዛይነሩ «አውርድ» የሚለውን ጽሑፍ «ፋይሉን አስቀምጥ» ብሎ ሲቀይረው በጽሑፉ ላይ የተሠራው ግራፍ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ቡድኑም ያልደረሰ ውድቀት ሲመረምር ይውላል። ስለዚህ ኦቶካፕቸርን ለማሰስ ይተዉት። ውሳኔ የሚመሠረትባቸውን ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ኢቨንቶች ግን በእጅ ይጻፉ፤ ቢቻል ከሰርቨር በኩል ይላኩ። «ኤክስፖርት ተጀመረ»፣ «ኤክስፖርት ተጠናቀቀ»፣ «ኤክስፖርት ከሸፈ»፤ ነገሩ ፊት፣ ድርጊቱ ኋላ። የፋይሉ ዓይነትና የመስመሩ ብዛት በስሙ ውስጥ አይገባም፤ እንደ ባሕርይ አብሮ ይላካል። አለበለዚያ ለእያንዳንዱ የፋይል ዓይነት አዲስ ስም እየተፈለፈለ ዝርዝሩን የሚያነብ ይጠፋል።

ከሰርቨር መላክ ለምን? አንደኛ፣ ማስታወቂያ የሚያግዱ የብራውዘር ተቀጥላዎች ወደ ፖስትሆግ አድራሻ የሚሄደውን ጥሪ ያቆሙታል። መፍትሔው ጥሪውን በራስ ዶሜን በኩል በሪቨርስ ፕሮክሲ (ጥሪውን ተቀብሎ በሚያስተላልፍ መካከለኛ ሰርቨር) ማሳለፍ ነው፤ ይህም በአማራጭነት ሳይሆን እንደ ግዴታ ቢወሰድ ይሻላል። የታገደው ክፍል በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለምና፤ ብዙ ጊዜ የቴክኒክ እውቀት ያላቸው ተጠቃሚዎች ናቸው የሚጎድሉት። ሁለተኛ፣ ገንዘብ መከፈሉን ወይም ፋይል መዘጋጀቱን በርግጠኝነት የሚያውቀው ሰርቨሩ ነው። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ኖድ ለተባለው የጃቫስክሪፕት ሰርቨር የተሠራው የፖስትሆግ ላይብረሪ ኢቨንቶችን 20 እስኪሞሉ ወይም 10 ሰከንድ እስኪያልፍ አጠራቅሞ ነው የሚልከው። በሰርቨርለስ ፈንክሽን (ሲጠራ ብቻ ተነሥቶ ወዲያው በሚዘጋ ኮድ) ላይ ፕሮሰሱ ከዚያ በፊት ሊዘጋ ስለሚችል ኢቨንቱ አብሮ ይሞታል። የማጠራቀሚያውን ቁጥር 1 ማድረግ፣ ወይም ከመመለስ በፊት የቀሩትን ልኮ የሚዘጋውን «ሻትዳውን»ን ጠርቶ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ተጠቃሚ መለያ። ሰው ሳይገባ ሲዘዋወር ፖስትሆግ የዘፈቀደ መለያ ይሰጠዋል። ሲገባ «አይደንቲፋይ» የሚለው ጥሪ ያንን መለያ ከእውነተኛው የአካውንት ቁጥር ጋር ያጣምረዋል፤ ከመግባቱ በፊት ያደረገውም በስሙ ይመዘገባል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ሲወጣ ግን «ሪሴት» ካልተጠራ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው መግቢያ ገጹ ላይ የሚያደርገው ሁሉ በፊተኛው ስም ይጻፋል። አንድ ኮምፒውተር በፈረቃ በሚጠቀሙ ቢሮዎች ይህ ብዙ ዳታ ሊያበላሽ ይችላል። ሌላው ስህተት የአካውንት ቁጥሩ ገና ሳይጫን አይደንቲፋይ ተጠርቶ «ነል» ወይም «አንዲፋይንድ» የሚል፣ ባዶ መሆኑን የሚናገር ቃል እንደ መለያ መላክ ነው። ፖስትሆግ እንዲህ ያሉትን የታወቁ ቃላት ለማጣመር እምቢ ይላል፤ በደንብ የታሰበበት ጥንቃቄ ነው። «ተጠቃሚ» የሚል የራስዎን መሙያ ቃል ከላኩ ግን የሚያድንዎት የለም። አንዴ የተጣመረውን መለያየት አሠራሩ አስቸጋሪ ስለሆነ በዚህ ዳታ ላይ መተንተን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ኢሜይልን እንደ መለያ መጠቀምም አይመከርም፤ ሰው ኢሜይሉን ይቀይራል።

ይህ በትክክል ከተሠራ ያ የአንድ መስመር ቅሬታ መልክ ያገኛል። የሰርቬይ መልሱ ራሱ እንደ ኢቨንት ስለሚገባ ከመልሱ ወደ ሰውየው ገጽ፣ ከዚያ ወደ ሴሽን ሪፕሌይ ቅጂው ይኬዳል። ቅጂው ቪዲዮ አይደለም፤ አርአርዌብ በተባለው ላይብረሪ የገጹ መዋቅር ለውጥ እየተመዘገበ እንደገና የሚሣል ነው። በጎን ካለው ዝርዝር ላይ «ሬጅ ክሊክ» የሚል ምልክት ይታያል፤ በ1 ሰከንድ ውስጥ በ30 ፒክስል ክልል ላይ 3 ጊዜ ሲጠቀጠቅ በራሱ የሚመዘገብ ነው። ወደዚያ ይዘላሉ፦ ጠቋሚው አዝራሩ ላይ ነው፣ አንዴ ተጫነ፣ ምንም አልተንቀሳቀሰም፣ ደጋግሞ ተጫነ። የኔትወርክ ቀረጻ ከበራ በዚያው ሰዓት የሄደው ጥሪ 40 ሰከንድ እንደፈጀ ይነበባል። ስለዚህ ኤክስፖርቱ ይሠራል፤ እየሠራ መሆኑን የሚናገር ነገር ነው የሌለው። «ኤክስፖርቱን እንደገና እንጻፈው» የሚለው ሥራ ወደ አንድ የሂደት ማሳያ ወረደ ማለት ነው።

ቅጂው የራሱ ጣጣ አለው። የግብዓት ሳጥኖች በነባሪ ይሸፈናሉ፤ በገጹ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ግን አይሸፈንም። የሒሳብ ቀሪ ወይም የሕክምና ውጤት የሚያሳይ ክፍል ካለ «ፒኤች-ኖ-ካፕቸር» የሚለውን ክላስ (በገጹ ኮድ ላይ የሚጻፍ ምልክት) ሊለብስ ይገባል፤ ይህም ቀረጻው ከመብራቱ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ሌላው፣ አንዳንድ የገጹን መልክ የሚወስኑ ፋይሎች ከራስዎ ሰርቨር ሊጫኑ ስለሚችሉ አዲስ ሪሊዝ የድሮውን ፋይል ካጠፋ የቆዩት ቅጂዎች ራቁታቸውን ሊቀሩ ይችላሉ።

ፈነሉ (ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው ስንቱ እንደደረሰ የሚያሳየው ግራፍ) ላይ አንድ ነገር ብቻ። የጊዜ ገደቡ በነባሪ 14 ቀን ነው። ሰዎች በወር አንዴ የሚከፍቱት የሪፖርት ሶፍትዌር ከሆነ፣ በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ሥራቸውን የሚጨርሱት ሁሉ «ያቋረጡ» ተብለው ይቆጠራሉ። ቁጥሩን ለአለቃ ከማሳየት በፊት ገደቡን ከምርቱ የአጠቃቀም ዑደት ጋር ያስተካክሉ።

ሰርቬዩን ማዘጋጀት ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፤ በገጽ አድራሻ፣ በኢቨንት ወይም በፊቸር ፍላግ ማን እንደሚያየው ይመረጣል። የሚያሳስበው አጠቃቀሙ ነው። ቡድኖች ጥያቄውን «ኤክስፖርት ተጠናቀቀ» ከሚለው ኢቨንት ጋር ያስሩትና እርካታው ከፍ ያለ ሆኖ ሲያገኙት ይደሰታሉ። የተጠየቁት እኮ የተሳካላቸው ብቻ ናቸው! ያልተሳካለት ሰው ጥያቄው ያለበት ቦታ አልደረሰም። ስለዚህ ሁለተኛ ሰርቬይ «ኤክስፖርት ከሸፈ» ላይ ይሰቀል፤ አንድ ክፍት ጥያቄ ይበቃዋል፦ «ምን ሊያደርጉ ነበር?» «ለሌላ ሰው ይመክሩታል?» ተብሎ ከ0 እስከ 10 የሚጠየቀው ነጥብ 9 ወይም 10 ከሰጡት ድርሻ ከ0 እስከ 6 የሰጡትን ድርሻ ቀንሶ ስለሚሰላ በ30 መልስ ላይ የሁለት ሰው ሐሳብ መለወጥ ከ10 ነጥብ በላይ ሊያወዛውዘው ይችላል። በትንሽ ቁጥር ላይ ነጥቡን ይተዉና ጽሑፉን ያንብቡ። በስልክና በአፕ መደብር የሚመጣው ቅሬታ በራሱ ወደዚህ አይገባም፤ የድጋፍ ሠራተኛው የአካውንት ቁጥሩን ይዞ እንደ ኢቨንት እንዲልከው ትንሽ ኮድ መጻፍ ግድ ነው።

ፊቸር ፍላጉ ከጥቅሉ ውስጥ ምርጡ ክፍል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ማስተካከያው ለ5 በመቶ፣ ከዚያ ለ25፣ ከዚያ ለሁሉም ይከፈታል። ማን የት እንደሚወድቅ ከመለያው በሚሰላ ሃሽ (ለአንድ መለያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት የሚሰጥ ስሌት) ስለሚወሰን አንድ ሰው ዛሬ አዲሱን፣ ነገ አሮጌውን አያይም፤ መለያው እስካልተቀየረ ድረስ ማለት ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት የሚታይ ፍላግ ከሆነ ሲገባ መለያው ስለሚለወጥ ገጹ በዓይኑ ፊት ሊገለበጥ ይችላል፤ ለዚህ በመግባት ወቅት ፍላጉን የሚያጸና አማራጭ አለ። በራስዎ ሰርቨር ላይ የሚሰላ ፍላግ ደግሞ ቅንብሩን በነባሪ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚያድሰው፤ ችግር ሲፈጠር አጥፍቶ «ለምን አልጠፋም» ብሎ ከመደንገጥ በፊት ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ፍላግ ከኮድ ውስጥ ይነቀል፤ መሣሪያው አይነቅልልዎትም።

ኤክስፐሪመንት ግን ለሁሉም አይደለም። የማጠናቀቅ ምጣኔን ከ10 ወደ 12 በመቶ የሚያነሳ ለውጥን በተለመደው የ5 በመቶ የስህተት ገደብና በ80 በመቶ የመለየት አቅም ለማየት ለእያንዳንዱ ወገን 3,800 ገደማ ሰው ያስፈልጋል። በወር 500 ተጠቃሚ ያለው ሶፍትዌር ይህን ትቶ ቅጂ ይመልከት፤ 10 ቅጂ በትኩረት ማየት ያን ጊዜ የበለጠ ያስተምረዋል።

በራስ ሰርቨር መትከል ለሚፈልጉ በዶከር (ሶፍትዌርን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ጠቅልሎ በሚያስነሣ መሣሪያ) የሚነሣ እትም አለ፤ ሆኖም ክሊክሃውስ፣ ካፍካ፣ ፖስትግሬስና ሬዲስ የተባሉ ሶፍትዌሮች አብረው ስለሚነሡ ሜሞሪ ይበላል። ሰነዱ ራሱ በወር 100 ሺህ ገደማ ኢቨንት ድረስ ነው የሚመክረው፤ ከዚያ በላይ ወደ ክላውድ ሂዱ ይላል። በክላውድ ላይ በወር የመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ኢቨንት ነጻ ስለሆነ በራስ መትከል የሚያዋጣው ዳታው ከቤት እንዳይወጣ የሚያስገድድ ሕግ ላለበት ብቻ ነው። ክላውዱን የሚመርጡ ደግሞ ኦቶካፕቸር ራሱ ኢቨንት መሆኑን አይርሱ፤ ኮታው የሚያልቀው በእሱ ነውና የክፍያ ጣሪያውን በቅንብሩ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ያስቀምጡ።